በጥሩ ድምፅ ያነበብኩት ማስታወቂያ

ዛሬ የማጫውታችሁ በሳቅ ጀምሮ ኀፍረት ላይ ስለጣለኝ አንድ ምሽት ነው።

ታላቅ ወንድሜ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ ይማራል። ባለፈው ዕረፍት ልጠይቀው ሄጄ ዶርሙ አደርኩ። ማታ ከላውንጅ ያመጣነውን ሽሮ ከበን ስንበላ አንዱ ጓደኛው ብድግ አለና፣ አንድ እንጀራ በሁለት እጁ ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጎ፣ ጉሮሮውን እንደ ሌክቸረር ጠርጎ ጀመረ።

«ክቡራንና ክቡራት! የምትመለከቱት ሰርኩላር ሜምብሬን ነው። የሰርፌስ ፖሮሲቲው ከፍተኛ በመሆኑ ቪስከሱን ፍሉይድ በካፒለሪ አክሽን አብዞርብ ያደርጋል። ሎዲንጉ ማኑዋል ሲሆን፣ ጉርሻ በሚባል የሁለተኛ ወገን ኢንፑት ኦፕቲማይዝ ይደረጋል።»

ከወዲያ ጥግ አንዱ እጁን አወጣ። «የሚጥሚጣው ቶለራንስ ስንት ነው?»

«ፕላስ ማይነስ እንባ!»

ምን አለፋችሁ፣ ሽሮው ደረቀ፤ እኛ በሳቅ ወደቅን። ወንድሜ ዓይኑን እየጠረገ «ይሄ የኛ ፈጠራ እንዳይመስልህ፣ አባት አለው» አለኝና የአባትየውን ታሪክ ነገረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1944 ጆን ሄሊንስ ኩዊክ የተባለ እንግሊዛዊ ተማሪ፣ የብሪታንያ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ተቋም ያሳትመው በነበረው የተማሪዎች መጽሔት ላይ «ቱርቦ ኤንካቡሌተር» ስለሚባል ማሽን ጻፈ። (የተማሪዎች መጽሔት መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ እኛም ተስፋ አለን ማለት ነው።) ማሽኑ የለም። ዕቃዎቹም የሉም። ከቃላቱ ገሚሶቹ እውነተኛ የምህንድስና ቃላት ናቸው፣ ገሚሶቹ እዚያው የተፈለሰፉ። ዓረፍተ ነገሩ ግን ሰዋስው አልጎደለውም፤ ከሩቅ ለሚሰማው ቁርጥ ማኑዋል ነው። በ1946 ታይም መጽሔት አወጣው። በ1962 ደግሞ ጀነራል ኤሌክትሪክን የሚያህል ኩባንያ ለዚህ ለሌለ ማሽን የመረጃ ገጽ አዘጋጀለት። መሐንዲስ በራሱ ቋንቋ ሲስቅ እንዲህ ነው።

በ1977 ባድ ሃጋርት የሚባል አሜሪካዊ ተዋናይ ይህንኑ በፊልም ተናገረው። ሰውየው ድሮም ሥራው የፋብሪካ ማሠልጠኛ ፊልሞች ላይ ቆሞ ማብራራት ነበር። ወንድሜ በስልኩ ከፍቶ አሳየኝ። ሰውየው አይስቅም። አይደናቀፍም። ድምፁ ሙሉ ነው፤ የሚያወራው ነገር ከልቡ የገባው ይመስላል።

ልጆቹ ይንከተከታሉ። እኔ ግን ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ይሄን ሰው አውቀዋለሁ! ደምበጫ፣ 2011 ዓ.ም.፣ ዘጠነኛ ክፍል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ደምበጫን ለማታውቁ፦ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ስትጓዙ ፍኖተ ሰላም ሳትደርሱ የምታገኟት ከተማ ናት። እኔ እዚያ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ አንባቢ ነበርኩ። ጋዜጠኝነት የሚባለው በሽታ የያዘኝም ያኔ ነው። አንድ ቀን ሰፈራችን ውስጥ አዲስ ቧንቧ ከዘረጉት ሰዎች ዘንድ ማስታወቂያ መጣ። «ድምፁ የሚያምረው ልጅ ያንብበው» ተባለ። በሰልፍ ሰዓት ለተማሪው አነበብኩ፤ ከሰዓት ደግሞ ሰፈር ወስደው በሞንታርቦ አስነበቡኝ። እስከ ዛሬ በቃሌ አለ።

«የሲስተሙን ኮሚሽኒንግ ተከትሎ በዲስትሪቢውሽን ላይኑ ላይ ሾክ ክሎሪኔሽን ስለሚካሄድ፣ ፍላሺንጉ እስኪጠናቀቅና ሬዚዱዋሉ ስታንዳርዱን እስኪያሟላ ድረስ የኤንድ ዩዘር ኮንሰምፕሽን እንዳይኖር በአጽንኦት እናሳስባለን።»

እውነቱን ልናገር፦ ከ«በአጽንኦት እናሳስባለን» በቀር አንድም ነገር አልገባኝም። ግን አልተደናቀፍኩም! «ኮንሰምፕሽን»ን ብቻ ግማሽ ሰዓት ተለማምጃታለሁ። ሰዉ አጨበጨበ። «አቤት አነባበብ! ይሄስ ሬዲዮ ጣቢያ ነው የሚገባው» ያሉ ነበሩ። ዋሸራ ድረስ ሄደው ቅኔ የቆጠሩ ጎረቤታችን የኔታ ግን መቋሚያቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ሰሙንስ ሰማን። ወርቁ የቱ ነው?»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። የኔታ ግን አልሳቁም፤ መልስ ይጠብቁ ኖሯል። የኔ ፊት ላይ መልስ እንደሌለ ሲያዩ መቋሚያቸውን አንሥተው ሄዱ።

በማግስቱ ውሃው መጣ። በረኪና በረኪና ይሸታል። እናቴ በዚህ ጭራሽ ደስ አላት፦ «ታክሞ ነው እኮ፣ መድኃኒቱ ነው የሚሸተው!» የማኅበር ተራዋ ደርሶ ስለነበር ጋኑን አጥና፣ በዚያው ውሃ ጌሾውን ጠነሰሰች። ጥንስሱ ግን አልነሣ አለ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን… ዝም። የጌሾው፣ የብቅሉ ወጪ ይቅርና፣ ማኅበርተኞቿን በገዛችው ጠላ ማስተናገዷ ለእናቴ ትልቅ ውርደት ነበር። ጎረቤታችን ያለ ትንሽ ልጅ ደግሞ ከቧንቧው ጠጥቶ ማታ አስመለሰው፤ ጤና ጣቢያ ወስደውት አደረ። ደግነቱ ዳነ።

የኬሚስትሪ መምህራችን ናቸው ወረቀቱን አይተው ራሳቸውን የያዙት። «ይሄ እኮ አዲሱን ቧንቧ በብዙ መድኃኒት እያጠብነው ስለሆነ፣ እስክንነግራችሁ ድረስ ውሃውን አትጠጡ ማለት ነው!»

እቤት ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። አልተቆጣችም። እጇን ከሊጡ ሳታወጣ ቀና ብላ አየችኝና «አንተው አልነበርክ እንዴ ያነበብከው?» አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ወንድሜ በኋላ እንዳስረዳኝ ሥራው ራሱ ትክክል ነበር። አዲስ ቧንቧ ሲዘረጋ አፈሩም፣ የሠራተኛው እጅም ይነካዋል። ስለዚህ ክሎሪን በብዛት፣ አንዳንዴ በሊትር እስከ 50 ሚሊ ግራም፣ ሞልተውበት አንድ ቀን ያህል ያሳድሩትና ከዚያ እስኪጠራ ድረስ ያፈስሱታል። በደህናው ቀን ቧንቧችን ላይ የሚቀረው በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ቢሆን ይመከራል። ልዩነቱን አስሉት። ክሎሪን ደግሞ ሥራው ጥቃቅን ነፍሳትን መግደል ነው፤ ጥንስስ የሚያነሣው እርሾም ጥቃቅን ነፍስ ነው። ማስታወቂያው አንድም ውሸት አልነበረበትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ፣ የሙያ ቃል ጠላት አይደለሁም። አጎቴ መካኒክ ነው፤ ግማሹን ልጅነቴን ያሳለፍኩት እሱ ጋራዥ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ… ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከጎጃም ተባሮ ሲወጣ ቋንቋውን መኪና ሥር ረስቶት የሄደ ነው የሚመስለው። አጎቴ መኪና ሥር ተኝቶ እጁን ብቻ ያወጣና «ኩሽኔታ!» ይላል፤ ኩሽኔታው እጁ ላይ ያርፋል። እነሱም የራሳቸው ቱርቦ ኤንካቡሌተር አላቸው። አዲስ ረዳት ሲቀጠር «ሂድ፣ የካንዴላ ቺንጋ ተውሰህ ና» ብለው ማዶ ጋራዥ ይልኩታል። ካንዴላ ቺንጋ የለውም! የማዶው ሰውዬም ነገሩ ስለገባው «አይ፣ ለጎሚስታው አውሼዋለሁ» ይለዋል፤ ጎሚስታው ደግሞ ወደ ሌላ። ልጁ ከተማውን ዞሮ ላብ በላብ ሆኖ ሲመለስ ጋራዡ በሳቅ ይፈርሳል። በዚያች ቀን ልጁ ካንዴላም ቺንጋም ምን እንደሆነ ለዘላለም ይማራል።

አንዲት ባጃጅ አከራይታ የምትኖር እናት ወደ አጎቴ ስትመጣ ግን «ኩሽኔታ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። «እትዬ፣ ጎማው የሚዞርበት ብረት ተበልቷል። በዚሁ ከተነዳ ጎማው ወልቆ ሰው ይጎዳል» ነው የሚላት። አጎቴ ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆመው።

ዶርም ውስጥ ዝም ማለቴን አይተው «ምን ሆንክ?» አሉኝና ይህንኑ ነገርኳቸው። ባለ እንጀራው ልጅ ትንሽ አሰበና «እኛም ስንመረቅ እንደዚያ የምንጽፍ ይመስልሃል?» አለኝ።

«ትጽፋላችሁ» አልኩት። ያን ማስታወቂያ የጻፈው ሰው ተንኮል አስቦ አይመስለኝም፤ ከፕሮጀክቱ ሰነድ እየገለበጠ፣ ዕለት ዕለት ከሚሠሩት ጓደኞቹ ጋር የሚያወራውን ነው የጻፈው። እነሱ ቢያነቡት ይገባቸው ነበር።

«አንተስ? አሁንም ታነበዋለህ?»

ለዚህ ወዲያው መልስ አልነበረኝም። ወንድሜ አዳነኝ፤ «እንጀራውን አውርደውና እንብላ!» ብሎ ጮኸበት።

ከዚያ ወዲህ ለተግባር ልምምድ ዜና ስሠራ አንድ መሐንዲስ በስልክ አናገርኩ። «ምን ማለት ነው?» ብዬ አራቴ ጠየቅኩት። በሦስተኛው ተቆጣ፤ «አንተ ዩኒቨርሲቲ አይደለህም እንዴ?» አለኝ። ፊቴ ጋለ፤ ስልኩን ልዘጋው ምንም አልቀረኝ። በአራተኛው «እንግዲህ፣ መንገዱ ለሁለት ሳምንት ይዘጋል ማለት ነው» አለ። እሷን ጻፍኩ።

ለበዓል አገር ቤት ስገባ እናቴ ጠላ ልትጠነስስ ጋኗን አጥና ቧንቧው ሥር ቆማ አገኘኋት። እንደ ልማዷ ውሃውን በመዳፏ ቀዳ አድርጋ አሸተተችና ወደ እኔ ዞረች።

«ያነበብከው ነገር የለም አይደል?»