ለ«ፀሐይ» እህት እንሥራላት

ጥር 2016 ዓ.ም. «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን ለኢትዮጵያ ስትሰጥ ሁላችንም ያወራነው ስለ መመለሷ ነበር። ደግ አደረግን። ወራሪው ጣልያን የወሰዳት፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ በሰው አገር የቆየች፣ ሮም አጠገብ ብራቻኖ ሐይቅ ዳር ባለው የጣልያን አየር ኃይል ሙዚየም ቆማ የኖረች ቅርሳችን ናት። እኔን ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንቅልፍ የሚነሳኝ ሞተሯ ነው። ቫልተር ቬኑስ የሚባል የቼኮዝሎቫኪያ ሥራ፤ ጉልበቱ 115 ፈረስ ብቻ።

ቁጥሩን አዲስ አበባ ላይ አስቀምጡትና እዩት። ሞተር ነዳጅ ለማቃጠል አየር ይፈልጋል፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ቦሌ እንኳ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ላይ አየር እየጨመቀ የሚያስገባለት ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። በሳሳ አየር ክንፉም ሸክሙን የሚያነሳው ፍጥነት ሲጨመርለት ስለሆነ መንደርደሪያው ይረዝማል። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ የሠራት አውሮፕላን እንግዲህ ከዘጠና ፈረስ በማይበልጥ ጉልበት ነው ከዚህ ምድር የተነሳችው። ያውም ጦርነቱ በሰሜን ተጀምሮ፣ ዓለም ፊቱን ባዞረብን ወራት! ስሟን ያገኘችው ከልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ነው። ልዕልቲቱ ያኔ የ16 ዓመት ልጅ ነበረች፤ በስደት ሳለች ለንደን ላይ ነርስነት ተምራ፣ ከነፃነት በኋላ አገሯ ተመልሳ በ22 ዓመቷ አረፈች።

የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ የፈረንሳዩ ፖቴዝ 25፣ ኢትዮጵያ የገባው ነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። ከዚያ እስከ «ፀሐይ» ሰባት ዓመት እንኳ አልሞላም።

ሰዎች ትንንሽና አሮጌ አውሮፕላን ምን ያምራል ብለው ይጠይቁኛል። መልሴ አንድ ነው፤ ሥራው በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይዳሰሳል። እስከ ዛሬ ከ44,000 በላይ የተሠራውን ሴስና 172 ውሰዱ። አብራሪው ከመነሳቱ በፊት ዙሪያውን በእግሩ ይዞረዋል። ከክንፉ ሥር በጠራ ኩባያ ትንሽ ቤንዚን ይቀዳና ወደ ብርሃን አንስቶ ያየዋል። የአውሮፕላን ቤንዚን ሰማያዊ ቀለም አለው፤ ውኃ ከገባበት ውኃው ጥርት ብሎ ከታች ይዘቅጣል፣ በግልጽ ይለያል። ቀጥሎ የፕሮፔለሩን ጠርዝ በጣቱ ይዳብሳል። ጠጠር መትቶ የፈጠራት ትንሽ ጉድፍ ሳትሞረድ ከቆየች ውላ አድራ ስንጥቅ ትሆናለች። ሕይወቱን ለዚያች ጠርዝ የሚያምን ሰው እሷን በራሱ ጣት ሲፈትሽ ማየት፣ ለእኔ ከየትኛውም ግዙፍ ጄት በላይ ልብ ይነካል።

ለጦር አውሮፕላኖቹም ያው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከተሠሩት ቢ-29 ቦምብ ጣዮች ዛሬ መብረር የሚችሉት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ፣ «ዶክ»፣ ካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ ተጥሎ ነበር። ዊቺታ ከተማ ወስደው፣ ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን ሠራተኞች ያሉባቸው በጎ ፈቃደኞች ለብዙ ዓመታት ደክመውበት እ.ኤ.አ. በ2016 አበረሩት። ቢ-29 ከተሞች ያነደደ መሣሪያ ነው፤ ይህን መርሳት አይገባም። ሽማግሌዎቹን እዚያ ሃንጋር ያዋላቸው ግን የጦርነት ፍቅር አይመስለኝም። በገዛ እጃቸው የሚያውቁት ሙያ አብሯቸው እንዳይቀበር ነው።

ታዲያ «ፀሐይ»ንም እናብራት? በፍጹም! እ.ኤ.አ. ኅዳር 2022 ዳላስ ላይ በተደረገ የአየር ትርዒት ሁለት የጦርነቱ ዘመን አውሮፕላኖች አየር ላይ ተጋጭተው ስድስት ሰዎች ሞቱ። የእኛ ደግሞ አንዲት ናት፤ ምትክ የላትም። እሷ በክብር ትቀመጥ።

እኔ የምለው እህት እንሥራላት ነው። እያንዳንዱ አካሏ ተለክቶ ንድፉ ይውጣ፣ በንድፉ ሁለተኛ ትሠራ፣ ያቺኛዋ ትብረር። የዚያ ዘመን ትንንሽ አውሮፕላኖች በአብዛኛው በእንጨት ወይም በብረት ቱቦ አጽም ላይ ጨርቅ ተወጥሮ የሚሠሩ ነበሩ። ጨርቁ ዶፕ የሚባል ቫርኒሽ መሳይ ፈሳሽ በብሩሽ ይቀባል፤ ሲደርቅ ተሰብስቦ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ይህን ሥራ አናጢና ልብስ ሰፊ ሳይቀሩ ሊገቡበት ይችላሉ። ሞተሩ ዘመናዊ ቢሆን ቅር አይለኝም፤ ለዚህ ከፍታ የሚበጅ ጉልበት ያለው ይግባላት። የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቢሠሯት ደግሞ ከመማሪያ ክፍል የማያገኙትን ያገኛሉ። አየር መንገዳችን እኮ የአሜሪካውን አግ ካት የእርሻ መርጫ አውሮፕላን «እሸት» ብሎ እዚሁ ገጣጥሟል። አዲስ ነገር አልጠየቅኩም።

ያለ ታላላቆቹ ግን አይሆንም። በቲ-33 እና በኤፍ-86 ጄቶች ዘመን ደብረ ዘይት የአየር ኃይል መካኒክ የነበሩ አባቶች ዛሬ በየቤታቸው አሉ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ በሚቀጥለው እሑድ ስልካችሁን ይዛችሁ ከጎናቸው ተቀመጡ። ሞተር እንዴት እንደሚፈታ፣ ስንጥቅ እንዴት እንደሚፈለግ፣ መለዋወጫ ሲጠፋ ምን ያደርጉ እንደነበር ጠይቋቸውና ቅረጹት። እቃ ቤት የተቀመጠ የመሣሪያ ሣጥን ካላቸውም እንዳትጥሉት።