ማንንም መያዝ የሚችል ሰው

በጄኔቫ ኦ ቪቭ ሰፈር የሚኖሩ አንድ ኢትዮጵያዊ አባት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ስልካቸው ላይ ዓይናቸውን ተክለው ነበር። ልጃቸው የሚማርበት የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደርግ ነበር። በወንዶቹ ውድድር አንደኛ ደረጃ የተሰጠው ቡድን 16ኛ ደረጃ ከተሰጠው ጋር እስከዚያች ሌሊት 135 ጊዜ ተገናኝቶ 135ቱንም አሸንፏል።

የአሠልጣኝ ቶኒ ቤኔት ቡድን የታወቀው በመከላከል ነበር። ኳስ የያዘውን ተጫዋች አንዱ ተጠግቶ ሲያስጨንቀው አራቱ ወደ ቅርጫቱ ሰብሰብ ብለው መሐሉን ይዘጉ ነበር። ባላጋራው ከሩቅ ለመወርወር ይገደድ ነበር፤ ከሩቅ የሚወረወር ኳስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይስታል። ስሌቱ ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ ነበር። በዚያች ሌሊት ግን የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ከወረወራቸው 24 ኳሶች 12ቱን አስገባ። እስከ እረፍት 21 ለ 21 የነበረው ጨዋታ 74 ለ 54 አለቀ። ቨርጂኒያ በሁለተኛው አጋማሽ ብቻ 53 ነጥብ ተቆጠረበት፤ በዓመቱ በአንድ ሙሉ ጨዋታ በአማካይ የሚቆጠርበት ይህንኑ ያህል ነበር።

ዲአንድሬ ሃንተር በዚያ ጨዋታ አልተሰለፈም፤ ከጥቂት ቀናት በፊት የእጁ አንጓ ተሰብሮ ነበር። በዚያ ዓመት የሚገባው ተቀይሮ ነው። ዋጋው ረጅሙንም ፈጣኑንም መያዝ መቻሉ ላይ ነበር፤ እሱ ሲኖር ባላጋራው አሰላለፉን ቢለውጥ አሠልጣኙ መልስ አያጣም። የ20 ነጥብ ሽንፈት በአንድ ሰው መጉደል ብቻ አይብራራም። ሆኖም በቀጣዩ ዓመት ቨርጂኒያ የመከላከል መርሁን ሳይለውጥ፣ ሃንተርን ይዞ፣ ቴክሳስ ቴክን በተጨማሪ ሰዓት 85 ለ 77 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ሃንተር 27 ነጥብ አስቆጠረ፤ የባላጋራው ዋና ተጫዋች ጃሬት ከልቨር ከ22 ሙከራዎቹ 5ቱን ብቻ አስገባ።

አባትየው ያንን ሌሊት ያስታወሱት ከዓመታት በኋላ፣ የሚሠሩበት ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት በጀቱ ሲቀነስ ነው። ከክፍላቸው አንድ የሥራ መደብ እንዲያጥፉ ታዘዙ። የሠራተኞቹ ተግባር በሠንጠረዥ ሰፍሯል፤ የውኃ ባለሙያው፣ የመድኃኒት አቅርቦቱ ኃላፊ፣ የመረጃ ባለሙያው። የአንዲት ባልደረባ ዓምድ ብቻ በቅጡ ሊሞላ አልቻለም። ወረርሽኝ ሲነሣ ወደዚያ፣ ጎርፍ ሲመጣ ወደዚህ የምትሄድ፣ የጎደለውን ሁሉ የምትሸፍን ሰው ናት። በሠንጠረዡ ሚዛን ቀድማ የምትቀነሰው እሷ ነበረች።

ተቋማት የመላመድን ችሎታ ከዕቅድ ሰነድ ይጠብቃሉ። ዕቅድ ግን የሚመክተው አስቀድሞ የታሰበውን ነው። ያልታሰበው ሲመጣ የሚያድነው ከተመደበበት ቦታ ወጥቶ ሌላውን መተካት የሚችል ሰው ነው። የዚህ ሰው ዋጋ የሚታወቀው ሲጎድል በመሆኑ፣ ደህና በሆነው ጊዜ ትርፍ ይመስላል።

እሷን ማቆየትም ዕዳ አለው። አባትየው በመጨረሻ ያጠፉት የመረጃ ባለሙያውን መደብ ነው። ሰውዬው የሁለት ልጆች አባት ነበር፤ ሥራውንም አጉድሎ አያውቅም። ደብዳቤውን ራሳቸው ሰጡት። ሠንጠረዡ ላይ አሁን አንድ ዓምድ ባዶ ነው፤ ሥራው ሲመጣ ማን እንደሚሸፍነው ግን ክፍሉ ሁሉ ያውቃል።