«የለም» ከማለትሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ሐዋሳ በሰላም መግባትሽን፣ ማደሪያም ማግኘትሽን ሰምተን ደስ ብሎናል። በስልክ የነገርሽኝ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ቴሲስሽን ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ ልትሠሪ አስበሽ፣ ጎግል ላይ ጥቂት ፈልገሽ፣ «አባዬ፣ ብዙም የተጻፈ ነገር የለም» አልሽኝ። ዕድሜዬን በቤተ መጻሕፍት የማጣቀሻ ክፍል ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

በስንቱ የመመረቂያ ጽሑፍ መግቢያ ላይ «በዚህ ርዕስ በአገራችን የተሠራ ጥናት የለም» የሚል ዐረፍተ ነገር አንብቤያለሁ መሰለሽ! ተማሪው ዋሽቶ አይደለም፤ ፈልጎ ስላጣ ነው። ነገር ግን «አጣሁ» እና «የለም» ለየቅል ናቸው። ያ ዐረፍተ ነገር በተጻፈ ቁጥር፣ ማሳ ለማሳ ዞሮ ናሙና ሰብስቦ፣ ጽፎ ያለፈ አንድ የአገራችን ተመራማሪ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ይህ እጅግ ያሳዝነኛል። አንቺ ደግመሽ እንድትጽፊው አልፈልግም።

ዳታቤዝ ሐሳብሽን አያውቅም። የሚያውቀው የጻፍሽለትን ፊደል ብቻ ነው። የራስሽን ርዕስ እንይ። የበሽታውን አምጪ ባክቴሪያ ለይተው በጽሑፍ ያሳወቁት ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ናቸው፤ ጽሑፋቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ባክቴሪያውን ያኔ ዛንቶሞናስ ሙሳሲያረም አሉት። ቆይቶ ዛንቶሞናስ ካምፔስትሪስ በሚባለው ዝርያ ሥር ተመደበ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ወደ ዛንቶሞናስ ቫሲኮላ ተዛወረ። ተክሉም ስሙ አንድ አይደለም። ዛሬ ኢንሴቴ ቬንትሪኮሰም የምትሉትን የድሮዎቹ ከሙዝ ወገን ቆጥረው ሙሳ ኢንሴቴ ይሉት ነበር፤ በእንግሊዝኛ «ፎልስ ባናና» የሚሉትም አሉ። በዚህ ላይ በሽታው እ.ኤ.አ. በ2001 ኡጋንዳ ውስጥ ሙዝ ላይ ከተገኘ ወዲህ ብዙ ጥናት የተሠራው «ባናና ዛንቶሞናስ ዊልት» በሚለው ስም ነው። እነዚያ ጸሐፊዎች እንሰትን ጨርሰው ላያነሡት ይችላሉ፤ ባክቴሪያው ግን ያው ነው። በተበከለ ቢላዋ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ እንዴትስ እንደሚገታ የጻፉት ለአንቺም ሥራ ይሆናል። «እንሰት» ብቻ ብለሽ ከፈለግሽ ይህን ሁሉ ታጪዋለሽ።

ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከመክፈትሽ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ። የተክሉን ስሞች ሁሉ፣ ሙዝንም ጨምረሽ፣ በአንድ ወገን ጻፊ፤ የባክቴሪያውንና የበሽታውን ስሞች በሌላ ወገን። ከዚያ የፍለጋው ሣጥን ውስጥ የመጀመሪያዎቹን በ«ኦር» እያያያዝሽ በአንድ ቅንፍ አስገቢ፤ ሁለተኞቹንም እንዲሁ በሌላ ቅንፍ፤ ሁለቱን ቅንፎች በ«ኤንድ» አገናኚ። «ኦር» ያሰፋልሻል፣ «ኤንድ» ያጠብልሻል። ሁለት ቃል ሆኖ አንድ ስም የሆነውን በትእምርተ ጥቅስ ክተቺው፤ አለዚያ «ፎልስ» ለብቻው፣ «ባናና» ለብቻው እየተፈለገ የማይረባ ጥርቅም ያመጣብሻል። «ኢንሴት» እና «ኢንሴቴ» የሚሉትን አንድ ላይ ለመያዝ ከመጨረሻው «ቲ» ቀጥለሽ የኮከብ ምልክት አድርጊ። «ኖት» የሚለውን ግን ባትነኪው እመርጣለሁ። የማትፈልጊውን ሲያስወጣ የምትፈልጊውንም አብሮ ይዞት ይሄዳል።

የእኛ ሰዎች ስም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ዳኛቸው ይርጉ በውጭዎቹ መዝገብ የገቡት በአባታቸው ስም፣ «ይርጉ ዲ.» ተብለው ነው። ሌላው በአያቱ ስም ይገባል፤ ሌላው በራሱ። የላቲኑም አጻጻፍ እንደ ጸሐፊው ነው፤ አንዱ በ«ዩ» ብቻ የጻፈውን ሌላው በ«ኦ» እና በ«ዩ» ይጽፈዋል። የአገርሽን ሰው ሥራ ስትፈልጊ በራሱም በአባቱም ስም እያገላበጥሽ ሞክሪ። አንቺም የመጀመሪያ ጽሑፍሽን ከማሳተምሽ በፊት የስምሽን አጻጻፍ ወስነሽ በዚያው ጽኚ፤ ነገ የሚፈልጉሽ ልጆች እንዳይቸገሩ።

አንድ ጽሑፍ ከፍተሽ ሠላሳና አርባ ዶላር ሲጠይቅሽ አትደንግጪ። ኢትዮጵያ በሪሰርች ፎር ላይፍ ፕሮግራም ጆርናሎችን በነጻ ከሚያነቡት አገሮች መደብ ናት። የእርሻው ክፍል አጎራ ይባላል፤ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው ነው። የጤናው ሂናሪ ነው። ከጎግል ተነሥተሽ በቀጥታ ወደ አሳታሚው ገጽ ከሄድሽ ግን ማንነትሽን አያውቅምና ክፈይ ይልሻል። መጀመሪያ ከቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች መግቢያውን ተቀበዪ፤ በፕሮግራሙ ገጽ ገብተሽ ከዚያ ወደ ጆርናሉ እለፊ። ፓስወርዱን ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ላለ ሰው፣ ለወንድምሽም ቢሆን፣ አትስጪ። መቶ ጽሑፍ ባንዴ ለማውረድም አትሞክሪ፤ አሳታሚዎቹ እንዲህ ያለውን ሲያዩ የግቢውን መስመር በሙሉ ሊዘጉት ይችላሉ፤ ያኔ በአንቺ ጦስ ሌላውም ተማሪ ይቀራል።

ከመጣልሽ ዝርዝር ጥሩውን አንድ ጽሑፍ ስታገኚ እንደ ዘር ቆጠራ ወደ ላይም ወደ ታችም ሂጂበት። ወደ ላይ ማለቴ በመጨረሻው ገጽ የጠቀሳቸውን እየፈለግሽ ማንበብ ነው፤ ወደ ታች ደግሞ እሱን የጠቀሱትን። ጎግል ስኮላር ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር «ሳይትድ ባይ» የሚል አለው፤ የ1968ቱን ጽሑፍ አግኝተሽ እሱን ብትነኪ ከዚያ ወዲህ ከተሠራው ብዙው በአንድ መስመር ይመጣልሻል። አብስትራክት ብቻ አንብበሽ ግን አትጥቀሺ። ዋናው ቁም ነገር ናሙናው ከየት እንደተወሰደ፣ ስንት እንደነበረ የተጻፈበት ክፍል ውስጥ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሰጥሽንም የጽሑፍ ዝርዝር እያንዳንዱን ዳታቤዝ ውስጥ ካላገኘሽው አትመኚው፤ ጸሐፊ፣ ዓመትና ጆርናል አሟልቶ ጨርሶ ያልተጻፈ ነገር ሊጠቅስልሽ ይችላል።

ይህን ሁሉ አድርገሽም ዳታቤዙ የማይዘው አለ። ለምሳሌ ካስቴላኒ የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1939 ስለ እንሰት መበስበስ የጻፈው በጣልያንኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ ብትፈልጊ ላታገኚው ትችያለሽ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎቹን በኢንተርኔት አስቀምጧል፤ እሱን ፈትሺ፤ የአፍሪካን ጆርናሎች የሚያሰባስበውን አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይንንም እንዲሁ። ወላይታ ያለው የአረካ ምርምር ማዕከል ብዙ ዓመት እንሰት ላይ ሠርቷል፤ እዚያ በእግርሽ ሄደሽ ሪፖርቶቹን ለምነሽ አንብቢ። መደርደሪያ ላይ የቀረ ሪፖርት በየትኛውም ፍለጋ አይመጣም።

የፈለግሽበትን ቀን፣ ዳታቤዙን፣ የጻፍሻቸውን ቃላትና ስንት ጽሑፍ እንደመጣ በአንድ ደብተር መዝግቢ። ዞቴሮ የሚባለውንም በላፕቶፕሽ ላይ ጫኚ፤ ነጻ ነው፤ ያገኘሻቸውን ጽሑፎች አደራጅቶ ማጣቀሻውን ያወጣልሻል።

አማካሪሽን ከማግኘትሽ በፊት የቃላቱን ዝርዝር ፎቶ አንሥተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ የጎደለ ካለ አይቼ እነግርሻለሁ። እናትሽ በሶና ቆሎ አዘጋጅታለች፤ ቅዳሜ ወደዚያ በሚመጣ ሰው ትልክልሻለች። ወንድምሽም ሰላም ብሎሻል።

አባትሽ