«ፍሊ አንተ ነህ?»

ስሙን ሸሽጎ ስለ ሥራው የሚጽፍን ሰው አከብረዋለሁ። የብዕር ስም የፈሪ መደበቂያ ነው የሚሉትንም አልቀበላቸውም። ኦክስጅን ማለቁን፣ ጓንት መጥፋቱን፣ ተረኛው ሐኪም እንቅልፍ ሳያይ መንጋቱን በስሙ ቢጽፍ ከእንጀራው የሚፈናቀል ሰው፣ የብዕር ስም ባይኖር ዝም ይል ነበር። እሱ ዝም ሲል የምንጎዳው ደግሞ እኛ ነን።

ቦስተን አካባቢ ይሠራ የነበረ የአንድ የሕፃናት ሐኪም ነገር ግን ከአእምሮዬ አይወጣም። «ፍሊ» በሚል ስም ብሎግ ይጽፍ ነበር። አንድ የ12 ዓመት ታካሚው በስኳር በሽታ ሞቶ ቤተሰቡ ሲከሰው፣ ችሎቱንም ይጽፈው ጀመር። በከሳሾቹ ጠበቃ ተሳለቀ፤ የመከላከያ ስልቱን ዘረዘረ፤ ከጁሪው መካከል የሚያንቀላፉ አሉ አለ። በግንቦት 2007 እ.ኤ.አ. ምስክርነት በሚሰጥበት ወንበር ላይ እንዳለ የከሳሾቹ ጠበቃ ጠየቀችው፦ «ፍሊ አንተ ነህ?» ነኝ አለ። በማግስቱ ጉዳዩ በካሳ ስምምነት ተዘጋ።

ይህ ታሪክ ሲነሣ የሚወራው ስለ ሐኪሙ መጋለጥ ነው። እኔ የማስበው ልጃቸውን ቀብረው ፍርድ ቤት የሚመላለሱትን ነው። ሐዘናቸው ለማያውቋቸው ሰዎች ንባብ ሆኖ ሰነበተ።

በእንግሊዝ የላንክሻየር መርማሪ ፖሊስ የነበረ ሰውም «ናይትጃክ» ተብሎ ብሎግ ጽፎ በ2009 እ.ኤ.አ. የኦርዌል ሽልማትን አገኘ። በዚያው ዓመት ታይምስ ጋዜጣ ማንነቱን እንዳያወጣበት ፍርድ ቤት ቢለምንም አልተሳካለትም። ጋዜጠኛው ኢሜይሉን ሰብሮ መግባቱ ኋላ ታወቀና ጋዜጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ካሳ 42,500 ፓውንድ ከፈለው። ሰውየው ተበድሏል። ሆኖም ጋዜጣው በችሎት ያነሣው አንድ ነጥብ ይከነክነኛል፦ ስም ለውጦ የጻፋቸው ወንጀሎች ከእውነተኛ መዝገቦች ጋር ሊገጣጠሙ ይችላሉ የሚል ነበር።

እኛ ዘንድ ደግሞ ይህ ይብሳል። አንዲት ነርስ ከአዳር ወጥታ ቴሌግራም ላይ ብትጽፍ እንበል፦ ከገጠር የመጣች፣ ሦስተኛዋን የወለደች፣ ባሏ ደም አልሰጥም ያላት እናት። ስም የለም፤ ሆስፒታሉም አልተጠቀሰም። ነገር ግን እዚያው ዋርድ ወለል ላይ አንጥፋ ያደረች አስታማሚ እኅት አለች። ደሙን የሰጠ የሰፈር ልጅ አለ። ለጥየቃ የመጡ ዕድርተኞች አሉ። ጽሑፉ ከስልክ ስልክ ሲዞር፣ እሑድ ሳይደርስ «የእገሌ ሚስት አይደለችም እንዴ?» ይባላል። ነርሷን የሚያውቃት የለም። እናቲቱን ያልለየ ግን የለም።

የሂፖክራተስ መሐላ ሐኪሙን በሕክምና ላይ ቀርቶ ከሕክምና ውጭም ያየውንና የሰማውን፣ ሊነገር የማይገባውን ሁሉ፣ እንዲሰውር ያስምለዋል። ምስጢሩ የታካሚው ነው። ጸሐፊው የራሱን ስም ከመሸፈኑ በፊት የታካሚውን ፊት ይሸፍን የምለው ለዚህ ነው፤ መንደሩን፣ የልጆቹን ቁጥር፣ ወሩን፣ የባልን ቃል ሳይቀር።

ይህ ሁሉ ከተሸፈነ ግን ምን ይቀራል? ባዶ የኦክስጅን ሲሊንደር ብቻውን ማንንም አያስለቅስም፤ ባለሥልጣንም ከወንበሩ አያስነሣም። የሰውን ልብ የምትነካው እናቲቱ ናት። ታዲያ ነርሷ እናቲቱን አስፈቅዳ ትጻፍ ይላሉ፤ እኔም እንዲያ እል ነበር። ደም ፈስሷት የተኛች ሴት፣ ነገ መርፌዋን የምትወጋትን ነርስ «አይሆንም» የምትለው በምን አቅሟ ነው?