ዱላው፣ ዶላሩና ስብከቱ

ውጭ አገር በተማሪነት ዘመኔ ከአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ሁሉ ልቤ የወደደው ውድሮው ዊልሰንን ነበር። ከእርሱ በፊት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት «በለሰለሰ አንደበት ተናገር፤ ትልቅ ዱላ ግን ያዝ» ባይ ነው። ዊሊያም ታፍት ደግሞ በጥይት ፋንታ ዶላር ይቅደም አለ። ዊልሰን ግን ስለ ሕዝቦች መብት የሚሰብክ ፕሮፌሰር ነበር። ለእንደኔ ያለው የድሃ አገር ልጅ ከዚህ የሚጥም ቃል ከየት ይገኛል?

ኋላ ጋዜጠኛ ስሆን ግን ከንግግሩ አልፌ «ለመሆኑ ገንዘቡ በማን እጅ ገባ?» ብሎ መጠየቅ ለመድሁ። እስቲ ሦስቱን በዚሁ ሚዛን እንያቸው (ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)።

ሩዝቬልት በ1905 የዶሚኒካን ሪፐብሊክን የጉምሩክ ገቢ አሜሪካውያን እንዲሰበስቡት አደረገ። ምክንያቱ የአውሮፓ አበዳሪዎች ዕዳ ነበር። በታፍት ዘመን፣ በ1911፣ የኒካራጓ ጉምሩክ በአሜሪካዊ ሹም እጅ ገባ፤ በ1912 ዶላሩ ብቻውን አልበቃ ሲል ወታደር ተከተለ። የእኔው ዊልሰንስ? በታኅሣሥ 1914 የአሜሪካ ወታደሮች ከሄይቲ ብሔራዊ ባንክ 500,000 ዶላር የሚያወጣ ወርቅ ጭነው ወደ ኒውዮርክ ወሰዱ። በ1915 አገሪቱን ራሷን ከነጉምሩኳ ያዙ፤ በ1916 ደግሞ ጎረቤቷን ዶሚኒካንን። ዊልሰን በጥር 1918 አሥራ አራቱን ነጥቦች ለዓለም ሲያሰማ ወታደሮቹ በሁለቱም አገሮች ነበሩ። ከሄይቲ የወጡት በ1934 ነው።

ዊልሰን ውሸታም ነበር ማለቴ አይደለም። ለመንግሥታቱ ማኅበር ጤናውን እስኪያጣ ድረስ ደክሟል። የገዛ አገሩ ሴኔት ግን በ1919ም በ1920ም ስምምነቱን ጣለው። ኢትዮጵያ በ1923 ያንን ማኅበር አምና ገባች። ጣልያን በ1935 ሲወራት አሜሪካ ከአባላቱ መካከል አልነበረችም። የአንድ ሰው ቅን ልብ የመንግሥት ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያስፈልጋል?

እኛ ስደተኞች በየአራት ዓመቱ ቡና ከበን «ይኼኛው ለእኛ ይሻላል» እየተባባልን እንጣላለን። እኔም ከተጣሉት አንዱ ነኝ። ዛሬ ግን ስለ አንዱ ዕጩ ማማለያ ንግግር ሲነገረኝ የሄይቲ ወርቅ ትዝ ይለኛል። ንግግሩንማ አደምጣለሁ፤ የምፈርደው ግን ጉምሩኩን ካየሁ በኋላ ነው።