እናቴ ቀድማ የሠራችው እራት

የሽሮው ጣሳ ያለቀው አንድ ማክሰኞ ማታ ነው። የድሮ የዱቄት ወተት ጣሳ ነው፤ ክዳኑ ላይ እማዬ በእስክሪብቶ «የጾም» ብላ ጽፋበታለች። ከሥራ ስገባ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሽንኩርቱ ተቁላልቷል፣ ውሃው ፈልቷል፣ ማንኪያዬ ግን የጣሳውን ቂጥ ፋቀ። ጠርዝ ጠርዙን ጠራርጌ ያገኘሁት ሁለት ማንኪያ አይሞላም። በዚያ ምሽት እንጀራ በቁሌት በልቼ ተኛሁ።

ድሮ ቢሆን ችግር አልነበረም። ጣሳው መጉደል ሲጀምር «እማ፣ ሽሮ እያለቀ ነው» ብዬ እደውላለሁ፤ በሳምንቱ ላምበረት መናኸሪያ ሄጄ ከምናውቀው የአውቶቡስ ረዳት እጅ አንድ ማዳበሪያ እቀበላለሁ፣ በቃ። ያን ሰሞን ግን መንገዱ ተዘግቶ ነበር።

ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ሸዋ ሮቢት ነው። መንገዱን ለማያውቅ ሰው፦ ከአዲስ አበባ በደሴ መስመር ደብረ ብርሃንን አልፈህ ጣርማ በር ትደርሳለህ። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ ስታልፍ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ነህ፤ ጉም፣ ብርድ፣ ካፖርት የለበሰ እረኛ። ከዚያ ጠመዝማዛውን ቁልቁል ስትወርድ ጆሮህ ይደፈናል፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮች መስኮትህን ያንኳኳሉ፣ ጃኬትህን ታወልቃለህ፣ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ነህና ሸሚዝህም ይከብድሃል። የይፋት ቆላ ነው፤ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ማሾ፣ ሽንኩርት፣ ማንጎ። የእማዬ ማዳበሪያ ግን የቆላው ብቻ አልነበረም። በሶው ከደጋ ገብስ ነው፤ ሽሮው ውስጥ የሚገባው ጦስኝም ከላይ፣ ከጣርማ በር አካባቢ ብርድ ውስጥ የሚበቅል ነው። የሁለት አየር ንብረት ዕቃ በአንድ ማዳበሪያ ታስሮ ይመጣልኝ ነበር።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ኢንጂነሪንግ ተምሬ፣ ኮድ እየጻፍኩ፣ ከባንክ ሠራተኛ ደባሌ ጋር ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ እኖራለሁ። መሥሪያ ቤት ውስጥ በአንድ ነገር እታወቅ ነበር፦ ቤቱ አብስሎ የሚበላው ልጅ ተብዬ። ባልደረቦቼ ምሳም እራትም ውጭ ሲበሉ፣ ወር ሳይጋመስ ደሞዛቸው ሲያልቅና ጨጓራቸው ሲነድ፣ እኔ እጎርር ነበር። ጉራዬ ደግሞ በማስረጃ ነው። ኤክሴል ላይ ሠንጠረዥ ሠርቼ ነበር። ውጭ አንድ ሽሮ 180 ብር፤ እቤት እንጀራ፣ ሽንኩርት፣ ዘይትና መብራት ተደማምሮ 60 ብር አይሞላም። የማብሰያ ጊዜ 15 ደቂቃ። ሠንጠረዡን ለጠየቀኝ ሁሉ እልክ ነበር።

ጣሳው ባለቀ ማግስት ያንን ሠንጠረዥ ከፍቼ አየሁት። ሽሮ በሚለው መስመር ላይ ዋጋ 0። በርበሬ 0። በሶ 0። ጊዜ የሚለው ዓምድ ላይ የተጻፈው የእኔ ጊዜ ብቻ ነው።

እኛ ፕሮግራመሮች «ካሽ» የምንለው ነገር አለ፤ ብር ማለቴ አይደለም። ከባድ ስሌት በተጠየቀ ቁጥር ከዜሮ እንዳይሠራ ውጤቱ አንዴ ተሠርቶ ቅርብ ቦታ ይቀመጣል፤ ተጠቃሚው ሲጠይቅ ወዲያው ይመጣለታል። ተጠቃሚው «እንዴት ይፈጥናል!» ይላል። አይፈጥንም እኮ። ቀድሞ ተሠርቶ ነው። ይህን ነገር ለጀማሪዎች በሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስረዳለሁ፣ ማታ እቤቴ ገብቼ ደግሞ በ15 ደቂቃ እራት ሠራሁ እላለሁ።

መጀመሪያ ከሱፐርማርኬት የታሸገ ሽሮ ገዛሁ። መጥፎ አይደለም ልል ነበር፤ መጥፎ ነው። ወይም የእማዬ አይደለም፣ ያው ነው። ከዚያ ለራሴ ልሥራው ብዬ ተነሣሁና ደወልኩ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ መንገዱ አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል፤ በክልሉ የሞባይል ዳታም ለወራት ተቋርጦ ስለነበር የድምፅ ጥሪ ብቻ ነው ያለን፣ እሱም ሲገኝ። በሦስተኛው ቀን ገባልኝ።

«እማ፣ ሽሮ እንዴት ነው የሚሠራው?»

«ድስቱን ትጥድና…»

«ወጡን አይደለም። ዱቄቱን።»

ዝም አለች፤ መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሳቀች፣ ረጅም ሳቅ። «ምን ሆነሃል አንተ? ሚስት ብታገባ አይሻልህም?»

እኔም ሳቅሁ። ቆይቶ ግን ቀልዱ ራሱ ከነከነኝ። በእማዬ ስሌት ሠንጠረዡ ላይ ያለው ዜሮ መቼም አይሞላም፤ ከእሷ ወደ ሌላ ሴት ይተላለፋል እንጂ።

እንዲህ ነው ያለችኝ። አተሩንና ሽምብራውን ገዝተህ ትለቅማለህ፤ ጠጠር አለበት፣ በመብራት ሳይሆን በቀን ነው የሚለቀመው። ታምሰዋለህ፤ በዝግታ ነው፣ ካረረ መረረ። ሲቀዘቅዝ ይከካል፣ በሰፌድ ገለባው ይበጠራል። ነጭ ሽንኩርቱ ተልጦ፣ ዝንጅብሉ ታጥቦ፣ ተከትፈው ፀሐይ ላይ ይደርቃሉ፤ ደመና ከሆነ ሁለት ቀን ይጨምራል። ኮረሪማው ይፈለፈላል። በሶብላ፣ ጦስኝ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ጥቁር አዝሙድ ይለቀማሉ። በርበሬው የራሱ ሌላ ታሪክ ነው፣ እሱን ሌላ ቀን ደውል። ከዚያ ሁሉም ተቀላቅሎ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ወረፋ አለ፣ ከአንተ በፊት ያለው ሰው በርበሬ አስፈጭቶ ከሆነ ወፍጮው እስኪጠራ ትጠብቃለህ። እቤት ወስደህ ትነፋዋለህ፣ አቀዝቅዘህ ትቋጥራለህ።

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ምን ቀን አለው፣ ከሌላው ሥራ ጋር እኮ ነው የሚሠራው» አለችኝ።

እኔ ግን ቆጠርኩት። ሲያንስ ሦስት ቀን ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለሦስት ልጅ።

እዚህ ላይ የበሶውን ነገር ማንሣት አለብኝ። ጠዋት ጠዋት ለስታንድአፕ ስብሰባ ስሮጥ የምበላው እሱን ነው፤ ውሃ፣ ትንሽ ጨው፣ ጠብሰቅ አድርጎ ማሸት፣ ሁለት ደቂቃ። እሳት የለ፣ ድስት የለ። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ እማዬ ወደ ደብረ ብርሃን ስትሸሽ የያዘችው አንድ ፌስታል በሶ ነበር። ለእኔ ልትልከው ያዘጋጀችው ነው። መንገድ ላይ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር በእጃቸው እያሹ በሉት። ይህን የነገረችኝ ከወራት በኋላ ነው፣ እሱንም «የአንተን በሶ ጨረስንብህ» ብላ ይቅርታ እንደመጠየቅ። ለካ እኔ የቢሮ ቁርስ ያደረግሁት ነገር በመጀመሪያ የተፈጠረው ለዚያ ኖሯል፤ እሳት ለማንደድ ለማይቆም ሰው።

ሽሮ ለመሥራት ቅዳሜ ያስፈልጋል፤ ሰኞ ደግሞ ይርባል። መሀሉን የያዘልኝ ማሾ ነው። ማሾ በእኛ አገር የገበያ እህል ነው፤ በ2006 ዓ.ም ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከገባ ወዲህማ የኤክስፖርት ስሙ ገነነ። ልጅ ሆኜ ማሾ ማለት ለእኔ የትምህርት ቤት ደብተርና ጫማ ነበር፤ ይሸጣል፣ ይገዛል። እቤታችን ወጥ ሆኖ የቀረበበትን ቀን አላስታውስም። አዲስ አበባ ሾላ ገበያ ውስጥ አረንጓዴውን ፍሬ በጆንያ ተቀምጦ ሳየው የአገሬን ሰው ያየሁ ያህል ደነገጥኩ። ሁለት ኪሎ ገዛሁ።

እማዬ «ግማሽ ሰዓት አይፈጅም» ብላኛለች። እኔ ጋ አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው፤ ፍሬው ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ማሾው አሮጌ ነው ብዬ ነጋዴዋን ረገምኩ። ከዚያ ነው ትዝ ያለኝ፣ ኢንጂነር ተብዬ። ውሃ 100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ላይ ነው፤ በየ300 ሜትሩ ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ሸዋ ሮቢት ውሃ 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ አዲስ አበባ 92፣ ጣርማ በር ላይ ደግሞ ወደ 90 ይወርዳል። እሳቱን ብታበዛው ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። እማዬ አልዋሸችም፤ የእሷ ድስት ከእኔ ይልቅ በአራት ዲግሪ ይሞቃል። ደጋ ላይ ባቄላና አተር ታምሶ፣ ተፈጭቶ፣ ዱቄት ሆኖ የሚበላበት አንዱ ምክንያት ይህ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ግምት ነው፤ ግን ደስ ይላል።

መፍትሔው ገንዘብ ካለ የግፊት ድስት ነው፣ ከሌለ መዘፍዘፍ። ጠዋት ከቤት ስወጣ አንድ ኩባያ ማሾ በውሃ እዘፈዝፋለሁ፤ ማታ ስገባ አብጦ ይጠብቀኛል። ውሃውን ደፍቼ ስጥደው በ25 ደቂቃ ይፈርሳል። ቁሌቱ ከእሑድ ጀምሮ አለ፤ እሑድ ከሰዓት አንድ ኪሎ ተኩል ሽንኩርት አቁላልቼ፣ ግማሹን በበርበሬ፣ ግማሹን በእርድ አድርጌ በዕቃ በዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ማሾው ሲፈርስ ሁለት ጭልፋ ቁሌት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ መጨረሻ ላይ አንድ እጅ የተከተፈ ቆስጣ ወይም ጎመን፣ ከላይ ቃሪያ። ከሥራ ገብቼ ለእራት ከምቀመጥበት አርባ ደቂቃ አያልፍም፣ እሱም ሻወር ወስጄ ነው። ለሁለት ሰው እንጀራውን ጨምሮ አንድ ሰው ውጭ ሽሮ ከሚበላበት ብር ያነሰ ነው የሚያወጣን። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2014 ዓ.ም ባወጣው የአመጋገብ መመሪያ ላይ ጥራጥሬን አዘውትሮ መብላት፣ አትክልት መጨመር፣ ዘይትና ጨው መቀነስ የሚሉ ምክሮች አሉ። ይህ ድስት ያለ ብዙ ጣጣ ሁሉንም ይዟል። ዘይቱን መቀነስ ግን ከብዶኛል፣ አልዋሽም።

አንድ ሳምንት የተዘፈዘፈውን ማሾ ረስቼው ሁለት ቀን አደረ። ውሃው አልቆ ነጭ ነጭ ጭራ አውጥቷል። ልደፋው ስል ደባሌ «ተው፣ ቻይናዎች ይበሉታል» ብሎ ስልኩን አሳየኝ። ለእማዬ ስነግራት «ምን ቻይና ትለኛለህ፣ ባቆልት ነዋ!» አለችኝ። እውነትም። በስቅለት ሰሞን ባቄላ አብቅላ የምታበላንን እኔ ከስልክ ላይ ልማረው ነበር።

ሽሮውንም ሠራሁት። አንዱን ቅዳሜ ለቀማና ማመስ፣ ሌላውን ቅዳሜ መከካትና ወፍጮ ቤት። በመሀል ያለውን ሳምንት ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በረንዳ ላይ ተሰጥቶ ኮሪደሩ ሁሉ ሸተተ፤ ጎረቤታችን «እናትህ መጡ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። አንድ ብረት ምጣድ አተር አረረብኝ። ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አንዲት እናት ሰፌዴን አይተው «ስጠኝ ልጄ፣ ይህ እንዲህ አይደለም» ብለው ቀሪውን ገለባ በሁለት ውርወራ አወጡልኝ።

መንገዱ ሲከፈት በዚያው ረዳት እጅ አንድ ኪሎ ተኩል ወደ ታች ላክሁ። በጣሳው ነው የላክሁት፣ «የጾም» የሚለው ጽሑፍ እንዳለ ነው። በአራተኛው ቀን ደወለች።

«ደረሰሽ?»

«ደርሷል። ዝንጅብሉን አብዝተኸዋል።»

«እሺ።»

«ትንሽ ደግሞ አሮብሃል።»

«አውቃለሁ፣ አንዷ ምጣድ ናት።»

«ለመሆኑ ስንት ቀን ፈጀብህ?»

«ሁለት ቅዳሜ። መሀሉም አለ።»

ዝም አለች። አሁን መስመሩ እንዳልተቆረጠ አውቃለሁ፤ ከጀርባዋ ዶሮ ይሰማኛል።

«የቀኝ እጄ አንጓ እኮ» አለች፣ «ክክ ከከካሁ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ሳምንት ያመኛል። አንተንስ አላመመህም?»