ላፕቶፑ ሞቷል ያለው ማን ነው?

መገናኛ አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ደረጃው ሥር፣ ጠባብ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት በፌስታል የተጠቀለለ ላፕቶፕ ይዘው ገቡ። ቨርጂኒያ የምትኖረው እህታቸው፣ መሥሪያ ቤቷ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ለምና ለልጃቸው የላከችው ነው። ልጅቷ የመጨረሻ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ የመመረቂያ ጽሑፏን በስልክ ልትጽፍ አትችልም። ላፕቶፑ ግን በተከፈተ ቁጥር አንድ ማስጠንቀቂያ ያሳያል፦ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ አብቅቷል፤ ይህ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11ን መጫን አይችልም። ቀድመው የጠየቁበት ሱቅ «አሮጌ ነው፣ ሌላ ይግዙ» ብሎ መልሷቸዋል።

«ልጄ፣ በቃ ሞቷል?» አሉት ቴክኒሻኑን።

ወጣቱ ክዳኑን ከፈተ፣ ባትሪውን አየ፣ ራሙን ቆጠረ። «እናቴ፣ ዕቃው ደህና ነው። ያረጀው በላዩ የተጫነው ነው» አላቸው።

በዚህች አጭር መልስ ውስጥ የዓለምን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ የሚመለከት ትልቅ ጥያቄ አለ። አንድ ማሽን አርጅቷል ብሎ የሚፈርደው ማን ነው? ባለቤቱ? ብረቱ? ወይስ ሶፍትዌሩን የሠራው ኩባንያ?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ነው። ከዚያ ቀን በኋላም ኮምፒውተሩ እንደ ድሮው ይበራል፣ ይሠራል። አዲስ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ግን የሚደፍንለት የለም። ለግለሰቦች የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ቀርቧል፤ ማራዘሚያ ቀን ይገፋል እንጂ ፍርዱን አይሽርም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. በፊት የወጡትን አብዛኞቹን ፕሮሰሰሮችም አይቀበልም። ካናሊስ የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት በ2023 መጨረሻ ላይ እንደገመተው፣ በዚህ ምክንያት ወደ 240 ሚሊዮን የሚጠጉ ኮምፒውተሮች ወደ ቆሻሻነት ሊለወጡ ይችላሉ። ብዙዎቹ ስክሪናቸው አልተሰበረም፣ ኪቦርዳቸውም አልተነቀለም።

ቆሻሻው ደግሞ ከበቂ በላይ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት መሠረት ዓለም በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አምርታለች። በሥርዓት ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ቀሪው ይቀበራል፣ ይቃጠላል፣ ወይም ከሀብታም አገር ወደ ድሃ አገር ይጓዛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነጥብ አለ። ስለ «አረንጓዴ ኮምፒውተር» ሲወራ ሁሉም የሚያስበው ኤሌክትሪክ መቆጠብን ነው። ላፕቶፕ ግን በዕድሜው ሙሉ ከሚያስከትለው የካርቦን ልቀት ውስጥ ትልቁ ድርሻ የሚወጣው ገና ሲመረት ነው፤ ማዕድኑ ሲቆፈር፣ ቺፑ ሲሠራ፣ ስክሪኑ ሲገጣጠም። ይህን አምራቾቹ ራሳቸው በሚያወጡት ሪፖርት ላይ ማየት ይቻላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ ይበልጥ ይጎላል። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ በመሆኑ፣ አዲስ አበባ ላይ ላፕቶፕ መክፈት የሚያስከትለው ልቀት ትንሽ ነው። ዋናው ጉዳት ሲመረትና ሲጣል ነው። ስለዚህ አንድ ላፕቶፕ አምስት ዓመት ጨምሮ ቢያገለግል፣ አካባቢን ለመጠበቅ ከሚደረጉ ነገሮች ሁሉ ቀላሉና ርካሹ እሱ ነው።

ክፍት ምንጭ የሚባለው ሶፍትዌር የሚገባውም እዚህ ጋ ነው። ክፍት ምንጭ ማለት ኮዱን ማንም ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና መልሶ ሊያከፋፍለው የሚችል ሶፍትዌር ማለት ነው። ታዋቂው ምሳሌ ሊኑክስ ነው፤ በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ የጀመረው፣ ዛሬ በየአንድሮይድ ስልኩ ውስጥ የሚሠራው። ኮዱ የአንድ ኩባንያ ንብረት ስላልሆነ «ከዛሬ ጀምሮ በቃ» ብሎ በአንድ ፊርማ የሚዘጋው የለም። ለምሳሌ ኢንቴል በ1985 ያወጣውን 386 የተባለ ፕሮሰሰር ሊኑክስ መደገፍ ያቆመው በ2012 መጨረሻ ላይ ነው፤ ከ27 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዛሬም ሊኑክስ ሚንት የተባለው ሥርዓት በ2 ጊጋባይት ራም ይነሳል፤ ለምቾት 4 ይመከራል። ከተጣሉት መካከል ይህን የማያሟላው ጥቂት ነው።

ጀርመን ደግሞ ነገሩን በመለኪያ አስቀምጣዋለች። «ሰማያዊው መልአክ» የተባለው የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ምልክት ከ1978 ጀምሮ የቆየ ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ለሶፍትዌርም መስፈርት አውጥቷል። ፕሮግራሙ የሚወስደው ኃይል ይለካል፤ ቢያንስ አምስት ዓመት ባስቆጠረ ኮምፒውተር ላይ መሥራት አለበት፤ ማስታወቂያ አይጭንም። በ2022 ይህን ምልክት ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው ኦኩላር የተባለ ፒዲኤፍ ማንበቢያ ነው፤ ኬዲኢ የተባለው ማኅበረሰብ የሚሠራው ክፍት ምንጭ ፕሮግራም። የዊንዶውስ 10 መጨረሻ ሲቃረብም ይኸው ማኅበረሰብ ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ ሰዎች ኮምፒውተራቸውን ከመጣል ይልቅ ሊኑክስ እንዲጭኑበት ዘመቻ አካሂዷል።

ይህ ማለት ግን ክፍት ምንጭ የሆነ ሁሉ ጻድቅ ነው ማለት አይደለም። ቢትኮይንም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት «ዳታ ማይኒንግ» በሚል ስም ኢትዮጵያ ገብተው ከኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ውል የተዋዋሉት ኩባንያዎች የሚያንቀሳቅሷቸው ማሽኖች ቀንና ሌሊት ኃይል ይበላሉ፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ በአዲስ ሞዴል ሲተኩም ለሌላ ሥራ አይሆኑም። ክፍት ኮድ ዕድል ይሰጣል እንጂ በራሱ አየር አያጸዳም። ለውጥ የሚያመጣው ዕድሉን ማሽን ለማቆየት የሚጠቀምበት ሰው ሲኖር ነው።

አዲስ አበባ ላይ ያለው እንቅፋትም እውነት ነው። ብዙ ቢሮ አማርኛ የሚጽፈው በፓወር ግዕዝ ነው፤ እሱ ደግሞ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው። በሊኑክስ በዩኒኮድ አማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ግን ሲከፈቱ የማይነበብ ምልክት ይሆናሉ። የሒሳብ ሠራተኛው የለመደውን ፕሮግራም አያገኘውም። አንዳንድ ፕሪንተር እምቢ ይላል። በዚያ ላይ ከየሱቁ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ በጥቂት ብር ስለሚጫን፣ «ነፃ ነው» የሚለው ቃል ብዙም አያጓጓም። የዚያ ዋጋ የሚታወቀው በኋላ ነው፤ ከክራኩ ጋር ቫይረስ ሊገባ ይችላል፣ ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል፣ ባለቤቱም «አርጅቷል» ብሎ ሌላ ይፈልጋል።

ጉዳዩ አሁን የሚያስቸኩል ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸውን ማሽኖች እያስወጡ ነው። ከእነዚህ ማሽኖች ጥቂቱ በሻንጣ፣ ጥቂቱ በዱባይ በኩል አዲስ አበባ ይደርሳል። የሚጭንለት ሰው ካገኘ የተማሪ መማሪያ ይሆናል። ካላገኘ ሰው የጣለውን ቆሻሻ በዶላር ገዝቶ፣ ከፍሎ፣ ተሸክሞ ወደ ቆሼ መውሰድ ነው። በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ንብረት ክፍል አቧራ ለብሰው የሚቀመጡት ኮምፒውተሮችም ጥያቄያቸው ይኸው ነው። «አገልግሎት የማይሰጥ» ተብለው ከመወገዳቸው በፊት አንድ ባለሙያ ፍላሽ ሰክቶ ቢሞክራቸው፣ ስንቱ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ይኖረው ነበር?

መገናኛ ያለው ቴክኒሻን ያደረገው ይህንኑ ነው። ሊኑክስን ከፍላሽ ላይ አስነሳና፣ ምንም ሳያጠፋ ለእናትየው አሳያቸው። ከዚያ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀየረው፤ ሊብሬ ኦፊስንና የአማርኛ ኪቦርዱን አስተካከለ። የተከፈለው የኤስኤስዲውና የእጁ ዋጋ ነው። ልጅቷ የመጀመሪያውን ሳምንት አማርራለች፤ የለመደችው ቁልፍ ሁሉ ቦታው ተቀይሮባት፣ አማካሪዋ የላከላት ፋይልም ተዘበራርቆባት ሁለት ጊዜ ተመልሳ መጥታለች። በሦስተኛው ሳምንት ግን የደወለችው ለሌላ ጉዳይ ነበር። የክፍል ጓደኛዋም «ሞቷል» የተባለ ላፕቶፕ ቤቷ አስቀምጣለች።

«ከመጣልሽ በፊት አምጪው በያት» አላት።